ኬላና የክፍያ መንገድ፤ ከይፋት በር እስከ አውሮፓ ሕግ

(በሬዲዮ የተነገረ)



ዛሬ የምንናገረው ስለ መንገድ ክፍያ ነው። ነገሩ የሹፌርና የጭነት ባለንብረት ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በከተማ ተቀምጦ በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሠራተኛ የሚሸምተው ጤፍም ሆነ ሽንኩርት፣ ማሾም ሆነ ማሽላ፣ በመንገድ ላይ የተከፈለበትን ሁሉ በዋጋው ውስጥ ተሸክሞ ወደ ገበያ ይገባል። ኬላ ላይ የተከፈለችው ብር በመጨረሻ የምትወጣው ከሸማቹ ኪስ ነው። ስለዚህ መንገደኛ ለምን ይከፍላል፣ ለማንስ ይከፍላል፣ የከፈለውስ ገንዘብ ወዴት ይሄዳል የሚለው ጥያቄ ሁላችንንም የሚመለከት ነው።

ይህን ለመመርመር ከይፋት ቆላ የበለጠ የሚስማማ ቦታ አይገኝም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ላይ ከደጋው ጫፍ ይደርሳል። ከዚያም በደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢትን፣ ጀውሃንና ሰንበቴን ካለፈ በኋላ፣ በጠቅላላው 270 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ አጣዬ ይገባል። በቀኙ የአፋር በረሃ ተዘርግቶ ይታያል፤ በግራው ደግሞ የደጋው ግድግዳ ቆሟል። ከባሕር የመጣ ዕቃ ወደ ደጋው የሚወጣው፣ የደጋውም ምርት ወደ ባሕር የሚወርደው፣ በዚህ ግድግዳ ላይ በተከፈቱት ጥቂት በሮች ነው። በሩን የያዘ ሰው ደግሞ ከሚያልፈው ላይ ድርሻውን ሳይወስድ ቀርቶ አያውቅም።

ይፋት በታሪክ ስሙ የገነነው የወላስማ ቤተ ሰብ በ1277 ዓ.ም. ገደማ የሸዋን የእስላም ሱልጣኖች አሸንፎ ግዛቱን ከያዘ በኋላ ነው። የመንግሥቱ ብርታት ከዘይላ ወደብ በሚመጣው የንግድ መንገድ ላይ የተመሠረተ ነበር። በሸዋ ሮቢት አቅራቢያ የሚገኘው የኖራ ፍርስራሽ፣ እንዲሁም አስበሪና መሳል የተባሉት የድንጋይ ከተሞች፣ ከነመስጊዳቸውና ከነመቃብራቸው ይህንኑ ይመሰክራሉ። አፄ ዓምደ ጽዮን በ1324 ዓ.ም. በይፋቱ ገዥ በሰብረዲን ላይ በዘመቱ ጊዜ ዜና መዋዕላቸው ከመዘገባቸው ክሶች አንዱ፣ የንጉሡን ነጋዴዎች አሥረሃል፣ ለንግድ የሰጠኋቸውንም ዕቃ ወስደሃል የሚል ነው። የሃይማኖት ጦርነት ብቻ ተደርጎ ሲነገር የኖረው ታሪክ በውስጡ የመንገድና የዕቃ ክርክር እንደ ነበረበት ልብ ማለት ይገባል።

ከ500 ዓመት በኋላም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ የተነሣ የግመል ቅፍለት የአፋርን በረሃ አቋርጦ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው የሸዋ ጠረፍ መንደር ፋሬ ነበር። ከዚያ ወጥቶ ከአንኮበር ግርጌ በሚገኘው በአልዩ አምባ ገበያ ይራገፋል። ከባሕር በኩል ጨርቃ ጨርቅ ይመጣል፤ ከአሳል ሐይቅ ደግሞ ጨው። ከደጋው ቡናና የዝሆን ጥርስ ይወርዳል፤ ሳይሸሽጉ መናገር ይገባልና ባሪያም ይወርድ ነበር። ይህን በር የሚጠብቀው የይፋት ገዥ ወላስማ መሐመድ ነበር። የጥንቱ ሥርወ መንግሥት ስም ማዕረግ ሆኖለት ጎንቾ ላይ ተቀምጦ የንጉሡን እስር ቤትም ይጠብቅ ነበር። የበር ጠባቂነትና የእስር ቤት ጠባቂነት በአንድ ሰው እጅ መዋላቸው ያጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። ያለ እርሱ ፈቃድ የሚገባም የሚወጣም አልነበረምና።

የጥንቱ ኬላ አሠራር እንዴት እንደ ነበረ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። በየበሩና በየወንዙ መሻገሪያ ኬላ ጠባቂ ይቀመጣል። ነጋዴው ዕቃውን ያስቆጥራል፤ ቀረጡንም በአሞሌ ወይም በማርያ ቴሬዛ ብር ወይም በዓይነት ይከፍላል። በብዙ ቦታ ኬላውን የያዘው ሹም ለበላዩ የሚያስገባው በቁርጥ የተወሰነ ገንዘብ ነበር፤ ከዚያ በላይ የሰበሰበው ግን የራሱ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሹሙ ብዙ በወሰደ ቍጥር ብዙ ያተርፋል፤ ነጋዴውም ምን ያህል እንደሚከፍል የሚያውቀው ኬላው ዘንድ ሲደርስ ብቻ ነው። አንዱን ኬላ ሲጨርስ ሌላው ይጠብቀዋል። የተከፈለው ቀረጥ ለመንገዱ ጥገና ሲውል የሚታይበት ቦታ እምብዛም አልነበረም፤ ግመልና በቅሎ የሚሄዱበት የእግር መንገድ ራሱን በራሱ የሚጠብቅ ነበርና። እንግዲህ ኬላ ለመንገዱ የሚከፈል ዋጋ ሳይሆን ለማለፍ የሚከፈል ዋጋ ነበር ማለት ነው። ለባለኬላውም ፍትሕ እንሥጠው ቢባል፣ ሽፍታን ከመንገድ የሚያርቀው እርሱ ነበር፤ ይህም ሥራ ወጪ አለው።

በኅዳር 1834 ዓ.ም. ካፒቴን ሐሪስ የሚባል እንግሊዛዊ መልእክተኛ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ። ከውሉ ቃሎች አንዱ በእንግሊዝ ዕቃ ላይ የሚወሰደው ቀረጥ ከመቶ 5 እጅ እንዲሆን የሚወስን ነበር። ውሉ በሥራ ላይ እምብዛም አልዋለም። ቢሆንም ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ ነጋዴው ከመነሣቱ በፊት የሚከፍለውን ይወቅ ማለት ነበርና።

የሚያስገርመው ግን ይህ ነው። ሐሪስ አንኮበር ተቀምጦ ስለ ኬላ ቀረጥ ሲከራከር፣ በራሱ አገር፣ በዌልስ አውራጃ፣ ገበሬዎች ሌሊት እየተነሡ የኬላ በሮችን በመጥረቢያ ይሰባብሩ ነበር። (የአውሮፓን ነገር ስናነሣ ዓመቱን በአውሮፓ አቆጣጠር እንናገራለን።) በእንግሊዝ አገር ለመንገድ ጥገና ሲባል በመንገደኛ ላይ ክፍያ መጣል የተጀመረው በ1663 ነው። በኋላም ፓርላማው መንገዱን በየቦታው ለተቋቋሙ ማኅበሮች እየሰጠ፣ በር ተክለው እንዲያስከፍሉና በገንዘቡም መንገዱን እንዲጠግኑ ፈቀደ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ብዙ መንገድም ተሠራበት። ነገር ግን በሮቹ በዙ። ማሳውን ለማዳበር ኖራ የሚያመላልስ ድኻ ገበሬ በጥቂት ማይል ውስጥ ብዙ ጊዜ እንዲከፍል ተገደደ። ከ1839 እስከ 1843 ድረስ ፊታቸውን ጥላሸት የቀቡና የሴት ልብስ የለበሱ ወንዶች፣ ራሳቸውን የርብቃ ልጆች ብለው እየሰየሙ በሮቹን አፈረሱ። በኦሪት ዘፍጥረት ርብቃ ስትመረቅ ዘሯ የጠላቶቹን ደጅ እንዲወርስ የተባለላትን ይዘው ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስን የሚያውቅ አድማጭ ጥቅሱን ያስታውሰዋል። መንግሥቱ አጣሪ ኮሚሽን ልኮ በ1844 ባወጣው ሕግ ክፍያውን አሻሻለ። ባቡርም ተስፋፍቶ ገቢያቸውን ስለ ወሰደባቸው እነዚያ ማኅበሮች ከ19ኛው መቶ ዓመት ሳይዘሉ ጠፉ።

ወደ አገራችን እንመለስ። ኬላን ከሹሞች እጅ አውጥቶ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ለማዛወር የተደረገው ጥረት ረጅም ነው። ነጋድራስ የሚለው ማዕረግ የነጋዴ አለቃና የቀረጥ ሹም ማለት ነበር። በ1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት የአዲስ አበባው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ነበሩ። የድሬዳዋ ነጋድራስ የነበሩት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ደግሞ የአገርን ሀብት አስተዳደር በመጽሐፍ ለመመርመር ከተነሡት የመጀመሪያዎቹ ሊቃውንት አንዱ ናቸው። የምድር ባቡር ከጅቡቲ አዲስ አበባ በ1909 ዓ.ም. ሲደርስ የይፋት የግመል ቅፍለት ገበያውን አጣ። አልዩ አምባም እንደ ጥንቱ የውጭ ንግድ በር መሆኗ ቀረ።

የይፋት መንገድ እንደገና ዋና መንገድ የሆነው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ እናስገባ። በዓለም ላይ ለመኪና ብቻ ከተሠሩት ቀደምት የክፍያ መንገዶች አንዱ በ1924 ከሚላኖ ወደ ሐይቆቹ አገር የተዘረጋው የጣሊያን አውቶስትራዳ ነው፤ አሳቢው ፒዬሮ ፑሪቼሊ የተባለ መሐንዲስ ነበር። ያችው ጣሊያን ከጥቂት ዓመታት በኋላ አገራችንን ስትወር ጣርማ በርን በስታ ዋሻ አወጣች፤ ወደ ደሴና ወደ አስመራ የሚወስደውንም የመኪና መንገድ ዘረጋች። መንገዱ የጦር መንገድ ነበር፤ ዋጋውን የከፈለው በበሩ የሚያልፍ መንገደኛ ሳይሆን አገሩ የተወረረበት ሕዝብ ነው።

ከድል በኋላ ያ ሁሉ መንገድ በጥገና እጦት መፈራረስ ጀመረ። መንገድ ከተሠራ በኋላ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሀብት አይደለም፤ ልክ እንደ ከብት በየቀኑ ይበላል። በመስከረም 1943 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች፤ ባንኩ ለአፍሪካ ያበደረው የመጀመሪያው ገንዘብ በዚያ ወቅት የተሰጠው ነው። በዚያው ዓመትም የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። የዚህ መሥሪያ ቤት ሥራ ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ነበረ የይፋት ሰው በዐይኑ አይቷል። በግንቦት 1953 ዓ.ም. መጨረሻ ከአጣዬ ቀጥሎ በምትገኘው በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራረሰ፤ የካራቆሬንም ብዙ ቤቶች ጣለ። ዋናው መንገድም ከካራቆሬ ወደ ሰሜን በብዙ ኪሎ ሜትር ተሰነጣጠቀ፤ ናዳም ወረደበት። እንዲህ ያለውን ጉዳት በአንድ በር ላይ በሚሰበሰብ የኬላ ብር መጠገን አይቻልም። የአገር ሁሉ ግምጃ ቤት ያስፈልገዋል።

በደርግ ዘመን ኬላ በሌላ መልክ ተመለሰ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህልን በቁርጥ ዋጋ ስለሚገዛ፣ ነጋዴ ከአውራጃ ወደ አውራጃ እህል እንዳያዘዋውር በየመንገዱ ገመድ ተዘረጋ። ይህ ኬላ ዓላማው ገንዘብ መሰብሰብ ሳይሆን ማገድ ነበር። በ1982 ዓ.ም. በታወጀው የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ እገዳው ሲነሣ እህል እንደገና በነጻ መጓዝ ጀመረ።

የዛሬው የክፍያ መንገድ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነገር ነው። ወይም ሊለይ ይገባዋል። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ ሥራው በ2002 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2006 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በመስከረም 2007 ዓ.ም. ደግሞ ማስከፈል ጀመረ። ከ11 ቢሊዮን ብር በላይ የፈጀ ሲሆን ከግማሽ የሚበልጠው ከቻይና ኤክሲም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ የክፍያ መንገዶች ኢንተርፕራይዝ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 310/2006 ተቋቁሟል። ሹፌሩ ሲገባ ካርድ ይቀበላል፤ ሲወጣ እንደ መኪናው ዓይነትና እንደ ሄደበት ርቀት ከፍሎ ደረሰኝ ይይዛል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ 220 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው የድሬዳዋ–ደወሌ መንገድ፣ ኋላም የሞጆ–ባቱ የፍጥነት መንገድ በዚሁ ሥርዓት ገብተዋል። ነገር ግን ከደረሰኙና ከካርዱ ይልቅ ትልቁ ቁም ነገር አንድ ነው። ወደ አዳማ መክፈል የማይፈልግ ሰው በቢሾፍቱና በሞጆ የሚያልፈው አሮጌው መንገድ ሳይከፈልበት ተከፍቶ ይጠብቀዋል። የሚከፍለው ሰው ለፍጥነትና ለምቾት ነው የሚከፍለው። በጥንቱ ኬላ ግን ሌላ በር አልነበረም።

አውሮፓውያን በዚህ ነገር ረጅም ዘመን ተከራክረው የደረሱበትን መመልከት ይጠቅመናል። በጣሊያን፣ በፈረንሳይና በስፔን መንገዱን በውል ለኩባንያ ሰጥቶ በርቀት ማስከፈል ሲለመድ፣ በጀርመን ግን አውቶባኑ ከክፍያ ነጻ ሆኖ ኖረ። አገሮቹ ድንበራቸውን ሲከፋፈቱ ግን፣ የማን ከባድ መኪና የማንን መንገድ ያፈርሳል የሚል ሙግት ተነሣ። የአውሮፓ ኅብረት በ1999 ባወጣው መመሪያ ቁጥር 1999/62 ከባድ መኪናን ለማስከፈል የሚፈልግ አባል አገር ሊያከብረው የሚገባውን ደነገገ። ማስከፈል ግዴታ አይደለም። የሚያስከፍል ግን ሰውን በዜግነቱ ወይም በመነሻና በመድረሻው አይለይ፤ ክፍያውም መንገዱን ለመሥራት፣ ለመጠበቅና ለማስተዳደር ከሚወጣው ወጪ ጋር የተያያዘ ይሁን ይላል። በኋላ በወጡት ማሻሻያዎች የአየር መበከልና የድምፅ ጉዳትም እንዲቈጠር ተፈቀደ። በ2022 የወጣው መመሪያ ደግሞ በዋና ዋና መንገዶች ላይ ከባድ መኪናን በጊዜ ማስከፈል፣ ማለትም የቀን ወይም የዓመት ፈቃድ መሸጥ፣ ደረጃ በደረጃ ቀርቶ በተጓዘው ኪሎ ሜትር እንዲተካ ያዛል። ጀርመን ይህን ከ2005 ጀምሮ በሳተላይት እያደረገችው ነው፤ በሩም ዘበኛውም የለም፤ መኪናው ውስጥ የተተከለ መሣሪያ ይቆጥራል።

ሕጉ በወረቀት ብቻ አለመቅረቱን የሚያሳዩ ሁለት ፍርዶች አሉ። ጀርመን የግል መኪኖችን ለማስከፈል አስባ፣ የራሷ ዜጎች የሚከፍሉትን ከዓመታዊ የመኪና ግብራቸው ላይ ልትቀንስላቸው ወሰነች። እንግዲህ በእውነት የሚከፍለው የባዕድ አገር ሰው ብቻ ሊሆን ነው። አውስትሪያ ከሰሰች፤ በሉክሰምበርግ የተቀመጠው የኅብረቱ ፍርድ ቤት በሰኔ 2019 ሥርዓቱን ሕገ ወጥ ነው ብሎ ጣለው። በሁለተኛው ነገር በፖላንድ ሕግ የተቋቋመ አንድ የጭነት ማመላለሻ ድርጅት፣ ጀርመን ከከባድ መኪና በምትወስደው ክፍያ ውስጥ የትራፊክ ፖሊስን ወጪ ጨምራለች ብሎ ተሟገተ። ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2020 ለድርጅቱ ፈረደለት። መንገድን መጠበቅና ሰላምን መጠበቅ የተለያዩ ናቸው፤ ፖሊስ የመንግሥት ጠቅላላ ሥራ ስለ ሆነ በመንገደኛ ላይ አይጫንም ማለቱ ነው። ወላስማ መሐመድ ይህን ፍርድ ቢሰማ ኖሮ እጅግ ይገረም ነበር።

ይህን ስንል አውሮፓ ችግሩን ፈትታዋለች ማለታችን አይደለም። ፈረንሳይ በከባድ መኪና ላይ አዲስ ክፍያ ልትጥል ስትነሣ በ2013 የብሬታኝ ሰዎች ቀይ ቆብ አድርገው ወጡና የመቆጣጠሪያውን ብረት ማማ አቃጠሉ፤ መንግሥቱም በሚቀጥለው ዓመት አሳቡን ተወ። የርብቃ ልጆች ከ170 ዓመት በኋላ ተነሡ ማለት ይቻላል። በጣሊያን በጄኖቫ ከተማ በነሐሴ 2018 የሞራንዲ ድልድይ ተደርምሶ 43 ሰዎች ሞቱ። ድልድዩ ኩባንያ በውል ይዞ ክፍያ ሲሰበስብበት በነበረው የአውቶስትራዳ መረብ ውስጥ የነበረ ነው። ገንዘቡ ከመንገደኛው በደንቡ መሰብሰቡ፣ መንገዱ በደንቡ ለመጠበቁ ዋስትና እንዳልሆነ በዚያ ቀን ታየ። ከብዙ ክርክር በኋላ በ2022 ኩባንያው የመንግሥት ተቋም በሚመራው የባለገንዘቦች ቡድን እጅ ገባ። ስፔን በበኩሏ ውላቸው ያለቀባቸውን አንዳንድ ዋና መንገዶች በ2021 ከክፍያ ነጻ አድርጋ ለሕዝብ ከፍታለች።

አሁን ይህን ሁሉ ይዘን አጣዬ ላይ እንቁም። ይህች ከተማ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በደረሰባት ጥቃት ተቃጥላ፣ ነዋሪዋ ተሰድዶ፣ ዋናው መንገድም ተዘግቶ እንደ ነበረ የሚዘነጋ የለም። መንገድ ሲዘጋ የሚደርሰውን ዋጋ ይህ ሕዝብ ከማንም በላይ ያውቀዋል። የአጣዬ መንገድ የክፍያ መንገድ አይደለም። ይህም ማለት ግን መንገደኛው አይከፍልም ማለት አይደለም። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 የመንገድ ፈንድ ከተቋቋመ ወዲህ በነዳጅ ላይ ለጥገና የሚውል ክፍያ ተጥሏል። በማደያው ናፍጣ የሚቀዳ ሹፌር፣ ብዙ የሄደ ብዙ፣ ጥቂት የሄደ ጥቂት፣ ሳይታወቀው ይከፍላል። ከዚህም ሌላ በየመንገዱ ስለሚዘረጋው ሕገ ወጥ ኬላ የጭነት ባለንብረቶች ያሰሙት አቤቱታ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ገመዱን የሚዘረጋው ሰው ታሪፍ አይለጥፍም፤ ደረሰኝ አይሰጥም፤ የሰበሰበውም ለአንዲት ጉድጓድ መድፈኛ አይውልም። ይህ ከሣህለ ሥላሴ ዘመን ኬላ እንኳ ያነሰ ነው፤ የዚያ ዘመን ባለኬላ ቢያንስ ለበላዩ የሚያስገባው ቁርጥ ነበረበት።

አንዳንድ ሰዎች የክፍያ መንገድ ወደ ሰሜንም ይዘርጋ ይላሉ። ምኞቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን የቦታው አቀማመጥ ከአዳማው ሜዳ ይለያል። ከአጣዬ ወደ አዲስ አበባ ማሾውን ለሚልክ ገበሬ ከጣርማ በር ሌላ ቀና መውጫ የለውም። አሮጌው መንገድ በነጻ እንደ ተከፈተ ሆኖ በአጠገቡ ሁለተኛ መንገድ ከተሠራ፣ የፈለገ ይከፍላል፣ ያልፈለገ በአሮጌው ይሄዳል። ሁለተኛው መንገድ ሳይሠራ ጣርማ በር ላይ የክፍያ በር ቢቆም ግን፣ ያ በር ከወላስማ መሐመድ ኬላ በምን እንደሚለይ ለአጣዬ ገበሬ ማስረዳት የሚቸግር ይመስለኛል።